ገመድ፣ ዘይት፣ ሳተላይት

አዲስ አበባ ውስጥ የሕንፃ መሠረት ወደሚቆፈርበት ቦታ ጠጋ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የሞተር ጩኸት ነው። ጆሮው ሲለምድ ቃላቱ መለየት ይጀምራሉ። የጉድጓዱን ጥግ በእጁ የሚያስተካክለው የቀን ሠራተኛ የያዘው ባዲላ ነው። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ አፈር የሚሸከምበት ባሬላ ነው። ጥግ ላይ የተከመረው ብረት ፌሮ፣ ከአጠገቡ የተደረደረው ደግሞ ሲሚንቶ። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። አፋፉ ላይ የቆመው ቢጫ ማሽን ግን ኤክስካቫተር ይባላል፤ በሠራተኞቹ አፍ «እስካቫተር» ነው። ወንድሞቹ ዶዘር፣ ሎደርና ግሬደር ሲሆኑ የእነሱ ስም የመጣው ከእንግሊዝኛ ነው።

የሥራ ቦታው ቋንቋ ራሱ እንደ ተቆረጠ ገደል ንብርብር አለው። ከሥር ዶማና አካፋ አሉ። ከእነሱ በላይ በጣሊያን ዘመን የተኛው ደለል ይታያል፤ ቀጥሎ ከ1950ዎቹ ወዲህ ከመንገድ መሐንዲሶችና ከማሽን ካታሎጎች ጋር የገባው እንግሊዝኛ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተቆፈረውን አፈር ጭኖ የሚወጣው ቻይና ሠራሽ ገልባጭ መኪና አለ፦ ሲኖትራክ።

ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ወጣት ሜትር ይዞ ቆሟል። ቀያሹ በካስማዎቹ ላይ ከወጠረው ሲባጎ ወደ ታች ይለካና ቀና ብሎ ለኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት ይሰጣል፦ ትንሽ ቀረህ፣ በቃ፣ አለፍክ። «አለፍክ» ውድ ቃል ናት። ከልኩ ያለፈ ጉድጓድ የሚመለሰው ገረጋንቲ ተሞልቶበት፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ በሮለር ተጠቅጥቆ ነው፤ ሒሳቡም ብዙውን ጊዜ በሥራ ተቋራጩ ላይ ይወድቃል።

የቁፋሮ ማሽን ያንን ወጣት ከጉድጓዱ ለማውጣት 180 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ እዚህ አገር ገና በብዙ ቦታ አላወጣውም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማሽኑ መጀመሪያ ጡንቻ አገኘ፣ ከዚያ ክርን፣ በቅርቡ ደግሞ ዓይን። ጉዞውን ሲያፋጥነውም ሲያዘገየውም የኖረው ግን የፈጠራ ችሎታ ብቻ አልነበረም፤ የሰው ክንድ ዋጋ ነበር።

ክንድ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ማየት የፈለገ ላሊበላን ይመልከት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ተገነቡ ሲባል በጥብቅ አነጋገር ስሕተት ነው፤ የተደረደረ ድንጋይ የለም፣ የተቆፈረ እንጂ። ቤተ ጊዮርጊስን የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ በዐለቱ ላይ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው መሐሉን እንደ ዓምድ ለዩት፣ ከዚያም ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ፈለጡት፣ በመጨረሻም ውስጡን ቦረቦሩት። የዛሬ መሐንዲስ ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ውበቱ ላይሆን ይችላል፦ ያ ሁሉ ፍርስራሽ ወዴት ሄደ? ቀን ሰዎች የሠሩትን ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ይቀጥሉት ነበር የሚለው ትውፊት፣ ከሌላው ትርጉሙ ጋር፣ የሥራ ፈረቃም ሒሳብ ነው። ሰምቶ ያመነው ሰው ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ በደንብ ገምቶታል።

ጡንቻው ብረት የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው። ዊልያም ኦቲስ የተባለ ወጣት የባቡር ሐዲድ ተቋራጭ በ1830ዎቹ አጋማሽ በእንፋሎት የሚሠራ አካፋ ሠራ። በየካቲት 1839 የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው፤ በዚያው ዓመትም በ26 ዓመቱ በታይፎይድ ሞተ። ማሽኑ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ነበር። ላዩ ላይ ማሞቂያ፣ ፊቱ ላይ እንደ ክሬን የተዘረጋ ክንድ፣ ከክንዱ ላይ በሰንሰለት የሚሳብ ባኬት ነበረው። እንደ ዛሬዎቹ ሙሉ ዙር መዞር አይችልም፤ ክንዱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ያ ብቻ። ቢሆንም የብዙ አሥር ሰዎችን ሥራ ይሠራ ነበር።

ታዲያ ዓለም ወዲያው ለምን አልተቀበለውም? ማሽኑ ከተሠራ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ነው የተመረቱት። መልሱ ከአትላንቲክ ማዶ በመርከብ ይመጣ ነበር። ከአየርላንድ ረሃብና ድህነት የሸሹ በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ዶማና አካፋ ይዘው በርካሽ ለመቀጠር ይሰለፉ ነበር። ሰው ሲታመም ሌላ ይተካል፤ ማሽን ሲሰበር ግን መለዋወጫ ያስፈልገዋል። የሐዲድ ኩባንያዎቹ ሒሳቡን ሠርተው ሰውን መረጡ። እንግሊዝ ውስጥ ቦይና ሐዲድ የሚቆፍሩ የጉልበት ሠራተኞች «ናቪ» ይባሉ ነበርና ማሽኑ ቆይቶ እዚያ ሲደርስ የወጣለት ስም «የእንፋሎት ናቪ» ሆነ። የተተካው ሰው ስሙን ለማሽኑ አወረሰ። ከ1887 እስከ 1894 ማንችስተርን ከባሕር ጋር ያገናኘው 58 ኪሎ ሜትር የመርከብ ቦይ ሲቆፈር ሁለቱ ናቪዎች፣ ሥጋውና ብረቱ፣ ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ ሥራው በተጧጧፈበት ጊዜ ሰዎቹ ወደ 16,000 ይጠጉ ነበር።

ፓናማ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ።

ፈረንሳዮች የፓናማን ቦይ በ1881 ሲጀምሩ መሪያቸው የስዊዝን ቦይ ያስቆፈረው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ነበር። ስዊዝ አሸዋና ሜዳ ነው፤ ፓናማ ተራራ፣ ጭቃና ወባ። ኩባንያው በ1889 ሲፈርስ በበሽታና በአደጋ ያለቁት ሰዎች ቁጥር ወደ 22,000 ይገመት ነበር። አሜሪካኖች በ1904 ሲረከቡ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፦ ወባና ቢጫ ወባን በትንኝ ላይ በመዝመት የሚከላከል ሐኪም፣ እና ግዙፍ የእንፋሎት አካፋዎች። ከአካፋዎቹ የገነኑት ከዊስኮንሲን ግዛት የመጡት ቡሳይረስ የተባሉት ናቸው። ባለ 95 ቶኑ በአንድ ጉርሻ ወደ 4 ኪዩቢክ ሜትር የሚጠጋ አፈርና ድንጋይ ያነሣል። በኅዳር 1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በዝናብ መሐል ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከአንዱ መሪ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ተነሡ። ሥልጣን ላይ ያለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከአገሩ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ወጥቶም የሄደው ማሽን ላይ ለመውጣት ነው ማለት ይቻላል።

የፓናማ ትልቁ ትምህርት ከአካፋዎቹ ኋላ የነበረው ሐዲድ ነው። ዋና መሐንዲሱ ጆን ስቲቨንስ የባቡር ሰው ነበርና ችግሩ መቆፈር ሳይሆን ማጓጓዝ እንደሆነ ቶሎ ገባው። የሚጭንበትን ባቡር ሳያገኝ የቆመ አካፋ የከሰል ማቃጠያ ምድጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ኩሌብራ በተባለው ተራራ መቁረጫ ውስጥ ሐዲዶቹ በደረጃ ተዘረጉ፤ አካፋው አንዱን ደረጃ ሲቆርጥ ባቡሩ በጎኑ ቆሞ ይጫናል፣ የተጫነው ሲወጣ ባዶው ይገባል። ማራገፊያውም ማሽን ነበረው፦ ከመጨረሻው ፉርጎ ላይ የተቀመጠ እንደ ማረሻ ያለ ብረት በገመድ ተስቦ በሁሉም ፉርጎዎች ላይ እየሄደ አፈሩን ወደ ጎን ይጥላል። አንድ ሙሉ ባቡር በጥቂት ደቂቃ ይራገፋል። ዛሬም ለአንድ ኤክስካቫተር ስንት ገልባጭ መኪና መመደብ እንዳለበት የሚያሰላ ፎርማን የስቲቨንስን ሒሳብ ነው የሚሠራው። መኪና ቢያንሰው ማሽኑ ቆሞ ነዳጅ ይበላል፣ ቢበዛበት መኪኖቹ ተሰልፈው የሰዓት ኪራይ ይቆጥራሉ።

ተራራው ግን ዝም ብሎ አልተቆረጠም። ዝናቡ የጠጣው ሸክላ ከላይ እየተንሸራተተ አካፋዎቹንና ሐዲዱን ይቀብር ነበር። ኩካራቻ በሚባለው ቦታ፣ ትርጉሙ በረሮ ማለት ነው፣ ለወራት የተቆፈረውን አንድ ሌሊት ይመልሰዋል። ጎንና ጎኑ ያለው ክብደት ሲጫነው የቦዩ ወለል ራሱ እንደ ሊጥ ወደ ላይ ያበጠበት ጊዜ አለ። ሥራው ሲያልቅ ኩሌብራ ላይ ብቻ ከ70 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ወጥቷል። ግንቦት 20 ቀን 1913 ከሁለት አቅጣጫ ሲመጡ የነበሩት ቁጥር 222 እና ቁጥር 230 አካፋዎች የቦዩ ወለል ላይ አፍ ለአፍ ገጠሙ። በዓመቱ፣ በነሐሴ 1914፣ መርከብ አለፈ። ድንጋዩን በድማሚት ሲያፈነዱና ሐዲዱን ከቦታ ቦታ ሲያነሡ ከኖሩት ብዙዎቹ ከባርቤዶስና ከጃማይካ የመጡ ጥቁር ሠራተኞች ነበሩ፤ በአሜሪካኖቹ ዘመን ብቻ ከ5,600 በላይ ሰው ሞቷል።

የፓናማ አካፋ ጡንቻ ነበረው፣ ክርን ግን አልነበረውም። ኃይሉ የሚተላለፈው በገመድና በሰንሰለት ስለነበር መሳብ እንጂ መግፋት አይችልበትም፤ ገመድ አይገፋም። ባኬቱ መሬት የሚገባው በክብደቱና በክንዱ ተገፍቶ እንጂ እንደ ሰው እጅ ተጠማዝዞ አይደለም። ኦፕሬተሩም በየእንቅስቃሴው ፍሬንና ማርሽ ይዞ ከከበሮዎቹ ጋር ይታገላል። ከጎኑ እሳት የሚያነድ፣ ከፊቱ ባኬቱን የሚያራግፍ፣ ከሥር ሐዲድ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ያስፈልገዋል።

ገመዱን የተካው ዘይት ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው የአርምስትሮንግ ኩባንያ በ1882 በውሃ ግፊት የሚሠራ ቆፋሪ ለሃል ወደብ ሥራ አውሎ ነበር። ውሃ ግን ብረት ያዝጋል፣ በብርድ ይረጋል፣ በማያያዣው ሁሉ ያፈስሳል። ከፍተኛ ግፊት የሚችል ላስቲክ ቱቦና ማሸጊያ የተገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር ነው፤ ለአውሮፕላን የተሠራው ቴክኖሎጂ ከጦርነቱ በኋላ ወደ እርሻና ግንባታ ወረደ። በ1948 የቱሪን ከተማ ወንድማማቾች ካርሎና ማሪዮ ብሩኔሪ ለሃይድሮሊክ ኤክስካቫተር የባለቤትነት መብት ወሰዱ። ሥራቸው በፈረንሳይ በኩል ዩምቦ በሚል ስም ቀጥሎ በ1961 ጃፓን ገባ፤ ሚትሱቢሺ በፈቃድ ማምረት ጀመረ። እስከ ዛሬ ብዙ ጃፓናዊ ኤክስካቫተርን ሁሉ «ዩንቦ» ይለዋል። እኛ ገልባጭ መኪናን ሁሉ ሲኖትራክ እንደምንለው መሆኑ ነው። ጀርመኖች በ1954 ሙሉ ዙር የሚዞረውን ዴማግ ቢ504 አወጡ። ፈረንሳዮቹ ፖክሌን በ1961 ያወጡት ቲዋይ45 ደግሞ እስከ 1980ዎቹ ወደ 30,000 ገደማ ተመርቷል።

አሠራሩን ለመረዳት የፓስካልን ሕግ ማስታወስ ይበቃል፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነበትን ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል። ዛሬ ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተር ውስጥ ፓምፑ ዘይቱን በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ ወደ 350 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ግፊት ይልከዋል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው ሲሊንደር ውስጡ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ዘይቱ የሚገፋው ገጽ 113 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ ወደ 40 ቶን ይሆናል። ይህን ሁሉ ጉልበት ኦፕሬተሩ በሁለት ጣት በሚያዙ ሁለት ዘንጎች ይመራዋል። ሲገፋም ይገፋል፣ ሲስብም ይስባል፣ ባኬቱን እንደ መዳፍ ያጥፋል። ጎበዝ ኦፕሬተር በባኬት ጥርስ ክብሪት ይጭራል የሚባለው ከዚህ በኋላ የመጣ ወግ ነው፤ በገመድ ዘመን ማንም እንዲህ ብሎ አይቀልድም ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሻይ ወዳድ እንግሊዛዊ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ጆሴፍ ሲሪል ባምፎርድ በጥቅምት 1945 ከአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ከጦርነት ትርፍ ብረት ተገልባጭ ተሳቢ በየዳ ሠርቶ በ45 ፓውንድ ሸጠ። በ1953 ከትራክተር ኋላ መቆፈሪያ ክንድ፣ ከፊቱ መዛቂያ አድርጎ ለትንንሽ ተቋራጮች የሚሆን ማሽን አወጣ፤ የስሙ ሦስት የመጀመሪያ ፊደላት፣ ጄሲቢ፣ እንግሊዝ ውስጥ የቆፋሪ ማሽን ሁሉ መጠሪያ ሆኑ። ቆይቶ ደግሞ በአዲሱ ሞዴሉ ላይ ሻይ ማፍያ የሚሰካበት መስመር ዘርግቶ ማፍያውን አብሮ ሰጠ። ቀልድ ይመስላል። ግን ማሽን የሚያዝዘው ባለቤቱ ቢሆንም የሚያመሰግነውና የሚያማው ኦፕሬተሩ እንደሆነ ባምፎርድ ቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የሞተር ጉልበት ሲገባ ሕዝቡ መጀመሪያ የተገረመው በመቆፈሪያ ሳይሆን በመዳመጫ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ማሽን አስመጥቶ አዲስ አበባ አደረሰው፤ የከተማው ሰው «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰየመው። እውነተኛው ባቡር በ1917 ዋና ከተማዋ እስኪደርስ ድረስ ባቡር ማለት እሱ ነበር። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ግን በአብዛኛው በሰው ጉልበትና በድማሚት የተቆፈረ ነው። ኦቲስ አካፋውን ከሠራ 60 ዓመት አልፎ ነበር። እዚህም እንደ አየርላንዶቹ ዘመን ክንድ ርካሽ ነበርና ሒሳቡ ያው ሆነ።

ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያኖች መንገድ የቆፈሩት ለጦራቸው ነው። ጣርማ በር ላይ ተራራውን ወግተው ያሳለፉት ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ ዛሬም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደውን ተሳፋሪ በጉም መሐል ይውጠዋል። ዋሻውን ትተው ሄዱ፤ ባዲላውንና ባሬላውንም ከነስማቸው።

ሞተር ያለው ቁፋሮ የመንግሥት መደበኛ ሥራ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1950 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ከአፍሪካ አገሮች ከባንኩ በመበደር የመጀመሪያዋ ነበረች። በማግስቱ ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መሐንዲሶችም ሊያግዙ መጡ። ከእነሱ ጋር ዶዘሩና ግሬደሩ፣ የሞተር ዘይት ለውጥ መዝገቡ፣ የኦፕሬተር ደረጃ ፈተናው መጣ። ዓለምገና ላይ የተከፈተው ማሠልጠኛ ስንት ኦፕሬተርና መካኒክ እንዳወጣ የሚያውቀው በየመንገዱ ካምፕ የኖረ ሰው ነው። ከዚያ የወጡት ዶዘር ነጂዎች በየአውራጃው ይከበሩ ነበር። ተራራ ገምሶ መንገድ የሚያወጣ ሰው ድሮ በተረት ብቻ ነበርና የሚታወቀው።

ሦስተኛው ለውጥ ድምፅ የለውም። ማሽኑ አልገዘፈም፣ ባኬቱም አልሰፋም። የተለወጠው ማሽኑ የት እንዳለ ማወቁ ነው።

መጀመሪያ ሌዘር መጣ፤ በሦስት እግር ላይ የሚሽከረከር ብርሃን በሜዳው ላይ የማይታይ ጠፍጣፋ ወለል ይዘረጋል፣ ማሽኑ ላይ የተተከለው ተቀባይ ከዚያ ወለል ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ይናገራል። ለጠፍጣፋ ቦታ ድንቅ ነው፣ ለጠመዝማዛ መንገድ አይሆንም። ቀጥሎ ሳተላይቶቹ መጡ። በስልክ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ በሜትሮች ይሳሳታል፤ በሜትር የሚሳሳት ደግሞ መሠረት አይቆፍርም። መላው እንዲህ ነው፦ ልኩ አስቀድሞ በሚታወቅ ነጥብ ላይ አንድ መቀበያ ይተከላል። ሳተላይቶቹ የሚነግሩትን ከእውነተኛ ቦታው ጋር እያነጻጸረ ስሕተቱን ያውቃል፣ እርማቱንም በሬዲዮ ለማሽኑ ይልካል። ስሕተቱ ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከማሽኑ ኋላ ሁለት አንቴና ስላለ ወዴት እንደዞረም ይታወቃል። በክንዱ መታጠፊያዎችና በባኬቱ ላይ ያሉት ዳሳሾች ማዕዘናቸውን ሲጨምሩበት ኮምፒውተሩ የባኬቱ ጥርስ ያለበትን ነጥብ ያሰላል።

ኦፕሬተሩ ፊት ያለው ስክሪን ላይ የመሐንዲሱ ንድፍ በሦስት ገጽታ ተዘርግቷል። ባኬቱ ከንድፉ ወለል ሲደርስ ማሽኑ ይቆማል፤ ዘንጉን ቢገፋም አይወርድም። የጃፓኑ ኮማትሱ ይህን በራሱ የሚቆም አሠራር በ2013 በዶዘር፣ ቀጥሎም በኤክስካቫተር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት፣ በ2008፣ ቺሊ ውስጥ በሚገኝ የመዳብ ማዕድን ሾፌር የሌላቸው የኩባንያው ግዙፍ መኪኖች ሥራ ጀምረው ነበር። የጃፓን መንግሥትም በ2016 የመንግሥት ግንባታዎች ከቅየሳ እስከ ርክክብ በዲጂታል መረጃ እንዲሠሩ ዘመቻ ከፈተ፦ ድሮን መሬቱን ያነሣል፣ ኮምፒውተር የሚቆረጠውንና የሚሞላውን ያሰላል፣ ማሽኑ በዚያው ፋይል ይቆፍራል።

ለምን ጃፓን? ጃፓን ውስጥ ወጣት ሠራተኛ ጠፋ። ኦፕሬተሮቹ አረጁ፣ የሚተካቸው የለም። ሌላም ምክንያት ነበራት። በሰኔ 1991 የኡንዘን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ 43 ሰው ገደለ። ተራራው ዕረፍት ስላልነበረው የጭቃ ጎርፍ መከላከያ ግድብ ለመሥራት ሰው መላክ ሞት መላክ ነበር። ስለዚህ ከ1990ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ኦፕሬተሮቹ ርቆ በተሠራ ክፍል ሆነው በካሜራ እያዩ ባዶ ማሽኖችን በሬዲዮ አዘዙ። በስዊዘርላንድ ደግሞ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2023 የደረሱበትን ይፋ አድርገዋል፤ ኤክስካቫተራቸው ኦፕሬተር ሳይነዳው ድንጋዮችን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ቅርጻቸውን እየለካ፣ ያለ ሲሚንቶ 6 ሜትር ከፍታና 65 ሜትር ርዝመት ያለው ካብ ደርድሯል። የድንጋይ እርከን የሚክቡት ኮንሶዎች ዜናውን ቢሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

አዲስ አበባ ላይ ሜትር ይዞ ጉድጓድ ውስጥ የቆመው ወጣት በዚህ መሐል የት ገባ? ስክሪኑ የእሱን ሥራ ነው የወሰደው፣ የካስማውንና የሲባጎውንም። ቴክኖሎጂው ወደ ኢትዮጵያ አይደርስም ማለት አይደለም። በሰዓት ኪራይ የሚሠራ፣ ያገለገለ ማሽን ገዝቶ፣ ለአንድ ፓምፕ መለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ የሚከርም ባለንብረት ግን ሒሳቡን ሲሠራ የወጣቱ የቀን አበል ከአንቴናው ያንሳል። አሜሪካ ውስጥ የሐዲድ ኩባንያዎቹ በ1840ዎቹ የሠሩት ሒሳብ ነው። ልዩነቱ ጉድጓዱ ጥልቅ በሆነ ቁጥር የሚናድ አፈር ሥር የሚቆመው ያው ወጣት መሆኑ ነው፤ ዋልካ አፈር ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ ሲያብጥ፣ ደርቆ ሲሰነጠቅ አስቀድሞ አያስጠነቅቅም።

ዓይን ያገኘው ማሽን የማያየውም አለ። ስክሪኑ የሚያሳየው ሰው የሣለውን ንድፍ ነው፤ ካርታ ላይ ያልሠፈረ የውሃ ቧንቧ፣ ከመሬት በታች ያለፈ የስልክ ኬብል፣ ከዐለቱ ኋላ የተጠራቀመ ውሃ እዚያ ላይ የለም። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ማንም ሰው ከመቆፈሩ በፊት 811 ብሎ ይደውላል፣ ባለቧንቧዎቹና ባለመስመሮቹ መጥተው መሬቱን በቀለም ያሰምራሉ። ቀለም ግን የሚበጀው የተቀበረውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነው፤ ተራራ ውስጥ ያለውን ማንም አላሰመረውም።

የዚህ ከባዱ ምሳሌ የሚገኘው በጊቤ ነው። የግልገል ጊቤ 2 የኃይል ማመንጫ ያለ ግድብ የሚሠራ ነው። ከግልገል ጊቤ 1 የሚወጣውን ውሃ ተራራ ሥር ለሥር አሳልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይጥለዋል፣ በከፍታው ልዩነት 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ለዚህ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ያስፈልግ ነበር። ሁለት ዋሻ ቆፋሪ ማሽኖች ከሁለት ጫፍ ተላኩ። የእነዚህ ማሽኖች ዘር ከለንደን ይመዘዛል፦ ማርክ ብሩኔል በ1825 ከቴምዝ ወንዝ ሥር መቆፈር ሲጀምር የመርከብ እንጨት የሚበላ ትል አይቶ የቀዳውን የብረት ጋሻ ተጠቀመ። ትሉ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት እየጋረደ ይቦረቡራል፣ ከኋላው ያለውን ግድግዳ እየለሰነ ያልፋል። የጊቤዎቹም እንዲሁ ነበሩ፤ ፊታቸው ዐለት ይፈጫል፣ ጋሻቸው ሠራተኛውን ይጠብቃል፣ ከኋላ የኮንክሪት ቁርጥራጮች እየተገጣጠሙ የዋሻውን ግድግዳ ይሠራሉ።

በጥቅምት 2006 ከመግቢያው በኩል የገባው ማሽን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ስንጥቅ ላይ ደረሰ። ከዐለቱ ኋላ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ የቆየ ጭቃ መፍሰስ ጀመረ። ጭቃው ማሽኑን ወደ ኋላ ገፋው፣ ጋሻውን አጣመመው፣ ከኋላው የተገጠመውን የኮንክሪት ግድግዳ ሰበረው። በብዙ መቶ ቶን የሚመዘን ብረት የጣት ያህል ቀዳዳ ላይ እንደተወተፈ ቡሽ ተተፋ። ማሽኑን ለማስለቀቅ በጎኑ ሌላ መተላለፊያ መቆፈር ግድ ሆነ፤ እዚያ ጠባብ ቦታ ሁለተኛ ግዙፍ ማሽን አይገባምና ሥራው ወደ ቀድሞው ዘዴ ተመለሰ፣ ፊቱን ወደ ዐለቱ አዙሮ የሚቆፍር ሰው። ከማዶ የተላከው ሁለተኛው ማሽን በዚህ ጊዜ የዋሻውን ትልቁን ድርሻ ብቻውን እየቆፈረ ይመጣ ነበር።

ዋሻው በ2009 ተገናኘ፣ ጥር 2010 ላይ ማመንጫው ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና ውሃው ቆመ። ሰዎች እንደገና ገቡ። ፍርስራሹ ወጥቶ ግድግዳው ተጠግኖ ውሃው ወደ ተርባይኖቹ ዳግም የወረደው በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።